«ይመጣል» ያልኳት ልጅ

አምስት ቀን ሠልጥኜ ነው የልጆች ልብ ወጌሻ የሆንኩት። ሥልጠናው ወልድያ ነበር፣ ጣሪያው ተበሳስቶ ፀሐይ በየቀዳዳው በሚገባበት አዳራሽ ውስጥ። ከመርሳ የሄድነው ጥቂት አስተማሪዎች፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የቅሬ ሰዎች ነበርን። ቅሬ እኛ ወሎዎች የቀብርና የለቅሶ ማኅበራችንን የምንጠራበት ስም ነው፤ ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ለግላጋ ወጣት ነበር። በየሰዓቱ እያስነሳ እንደ እንቁራሪት ያዘልለናል። «ለመነቃቃት ነው» ይላል። እኔ ያኔ አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ፣ ወራት ሙሉ በስደት በሰው ቤት መሬት ላይ ተኝቼ የተመለስኩ ሴት ነኝ። አንዱ ዝላይ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና «ልጄ፣ እኔ ነቅቻለሁ። ጦርነቱ ቀስቅሶኛል» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እሱም ሳቀ፤ ግን ማዘለሉን አልተወም።

አላሾፍበትም፤ ጥሩ ልጅ ነበር፤ ያስተማረንም ከንቱ አልነበረም። ልጅ ሲፈራ በአፉ ሳይሆን በሆዱ፣ በእንቅልፉና በጨዋታው እንደሚናገር ነግሮናል። «የማታውቁትን ቃል አትግቡለት። እውነቱን በሚገባው ልክ ንገሩት» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎልናል። እኔ እጄን አውጥቼ «መርዶው ገና ለቤተሰቡ ያልተነገረ ልጅስ?» አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ «እንግዲህ… ባህላችሁንም አክብሩ» አለኝ። ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው። ኋላ ሲቸግረኝ ከሁለቱ የሚመቸኝን መርጬ ያዝኩ። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ነገር እሱው ነው።

መርሳ ስንመለስ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለልን። ክፍሎቹ ወንበር አልነበራቸውም፤ ወንበሮቹ ተማግደዋል። ድንኳኑ ላይ «ለሕፃናት ምቹ ሥፍራ» የሚል ተጽፎበታል፤ ግን ማን አንብቦ። የመጀመሪያው ቀን እናቶች ከሩቅ ቆመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማነው የሞተው?» እያሉ መጡ። በእኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሠርግ የጠበቀ ሰው አልነበረም። «ማንም አልሞተም፤ የልጆች መጫወቻ ነው» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳሁ። አንዷ ሴት «መጫወቻ?» አለችና ድንኳኑን ከላይ እስከ ታች ቃኝታው ሄደች። እኔም በሆዴ ከእሷ ጋር ሳልስማማ አልቀረሁም።

ልጅቱ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ከጦርነቱ በፊት ሦስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ለጥያቄ ሁሉ እጇን ከማንም ቀድማ የምታወጣ፣ ካልጠራኋት ደግሞ የምታኮርፍ ለፍላፊ ነበረች። አባቷ ከመርሳ ወጣ ብሎ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል፤ ያለማውንም ራሱ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። የመርሳ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ከመዘነ በኋላ አንድ ራስ ሽንኩርት ጣል ያደርግና «ይኼ የልጆች ነው» ይላል። ልጅ የሌለኝን ሴት እንኳ «ይኼ የተማሪዎች ነው» ብሎ ጣል ያደርግልኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሚስቱንና ልጁን ከጎረቤት ጋር ዘመድ ወዳለበት ገጠር ሰደዳቸው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሱ ሽንኩርቴ መሬት ውስጥ ነው ብሎ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን በሁለት አህያ ጭኖ ወደ ሐራ ሲሄድ መንገድ ላይ ጥይት አገኘው። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። የሐራ ሰዎች ከፍነው፣ ሰግደውበት እዚያው ቀበሩት። በኋላ ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ ወሬው አብሮ ተመለሰ። መርሳ ውስጥ ከሚስቱና ከልጁ በቀር ያልሰማ ሰው አልነበረም።

የሰፈራችን ቅሬ ሊቀመንበር አንድ አዛውንት ሼኽ ናቸው። ጉዳዩን ለመምከር ግቢያቸው ውስጥ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ቅሬያችን እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው፤ እኔ የተጠራሁት አባል በመሆኔና ትከሻዬ ላይ ያንን አዲስ የሥልጠና ቦርሳ በማንጠልጠሌ ነው። ሼኹ ብዙ አላወሩም።

«ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። በድንጋጤ ያስወርዳታል። ትውለድ፤ አርባዋ ይውጣ። ያኔ ኢንሻ አላህ ማልደን ሄደን እንነግራታለን» አሉ።

ይህን የሚቃወም ሰው አልነበረም። እኔም አልተቃወምኩም፤ ዛሬም ለእናቲቱ ስህተት ነበር አልልም። እስከዚያ ምን እንበላት ተባለ። አንዱ «ወደ ቆቦ በኩል ሸሽቶ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶበታል እንበላት» አለ። ከቆቦ ወዲያ ስልክ አልነበረም፤ መኪና አይሄድም፤ እውነትም መንገድ ተዘግቶባቸው የቀሩ ስንት ሰዎች ነበሩ። ጦርነቱ ለውሸታችን ማስረጃውን አሟልቶ አቀረበልን።

«ልጅቱስ?» አልኩ።

«ልጅቱ ምን?» አሉ ሼኹ።

«ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ልባም ናት። መጠየቋ አይቀርም።»

«ልጅ ደሞ ምስጢር ይይዛል? አሁን ብትነግሪያት ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእናቷ ሹክ ትላለች። አንቺው አጫውቻት እንጂ! ለዚሁ ሠልጥነሽ የለም እንዴ?» አሉና ቦርሳዬን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ልከራከር እችል ነበር። እኔ ሲበዛ አፈኛ ሴት ነኝ፤ ርእሰ መምህር አስለቅሼ አውቃለሁ። «ልጅቱን ለብቻዋ፣ ቀስ ብዬ፣ እኔ ልንገራት፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? ግን እውነቱን ልናገርና፣ ሲከለክሉኝ እፎይ ብያለሁ። ለአንዲት ልጅ አባትሽ ሞቷል ከማለት መዳኔ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ጥፋቱን ወደ ሼኹ፣ ወደ ቅሬው፣ ወደ ልማዱ ልገፋው ሞክሬያለሁ፤ ይህች እፎይታዬ ግን ሁልጊዜ ታጋልጠኛለች።

ልጅቱ ድንኳኑ ውስጥ አትናገርም ነበር። ጨርሶ። ሌሎቹ ልጆች ባለችን አንዲት ኳስ ይቧቀሳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ጦርነት ጦርነት ይጫወታሉ፤ እሷ ግን በድንኳኑ አፍ በኩል የቤታቸው መንገድ የሚታይበት ቦታ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን አንገትጌ ታኝካለች። ግማሽ ሰዓት ሳንቆይ ድንገት ብድግ ብላ ወደ እናቷ ትሮጣለች። ውኃ ሲቀዳ ከእናቷ ጋር ናት። ወፍጮ ቤት ከእናቷ ጋር ናት። እናትየዋ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። የሥልጠናው ቅጽ ላይ ይህን ሁሉ ሞላሁ፤ ከእናቷ መለየትን ትፈራለች፣ ከሰው አትግባባም፣ አትናገርም።

አንድ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ቤት ለቤት መዞር ከሥራችን አንዱ ነው፤ ከእናቶች ጋር ተቀምጦ ማውራት፣ ማረጋጋት። ሌላም ጎረቤት ሴት መጥታ ነበር። ያቺ ሴት አፏን የማትሰበስብ ናት፤ ገና ከመቀመጧ ከንፈሯን እየመጠጠች «እህህ… የእሱስ ነገር መቼም…» ብላ ጀመረች። እኔ በዐይኔ ልጠቅሳት ቀና ስል ልጅቱ ውኃ የሞላ ጆግ ይዛ መጣችና ሴትዮዋ ጭን ላይ ገለበጠችው። ሴትዮዋ ዘላ ተነሳች። እናትየዋ በኀፍረት ቀላች፤ ልጅቱን ክንዷን ይዛ ነቀነቀቻት።

«ምን ሆነሽብኝ ነው? እ? ምን ሆነሽ ነው?» አለቻትና ወደ እኔ ዞራ ማልቀስ ጀመረች። «ወላሂ ቲቸር፣ እንዲህ አልነበረችም። ልጄን ይኼ ጦርነት አበላሸብኝ።»

«ድንጋጤ ነው፤ ይለቃታል። አብሽሪ» አልኳት። ቤቴ ስገባ ቅጹ ላይ «ጠበኛ ባሕርይ ታሳያለች» የሚል ጨመርኩበት። በዚያች ጆግ ውኃ የዳነውን ነገር እኔም እኮ እያየሁ ነበር፤ የሠፈሩን ሁሉ ምስጢር የምጠብቅ ሴት ነበርኩ። አጠገቤ ሌላ ጠባቂ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በመጨረሻ የተናገረችው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ወጥተዋል፤ እኔ ምንጣፍ እያጠፍኩ ነበር። ከኋላዬ «ቲቸር» የሚል ሰማሁ። ስዞር እሷ ናት።

«አባቴ ይመጣል?» አለችኝ።

ደስታ አጥለቀለቀኝ፤ ተናገረች! ስንት ሳምንት ስለፋባት የነበረችው ልጅ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ዐይኗን አስተውዬ ቢሆን ይገባኝ ነበር። አንድ ነገር ፈልጋ የምትለማመጥ ልጅ ዐይን አልነበረም። እኔ ተማሪ ጠይቄ መልስ ስጠብቅ እንደማየው ነበር ያየችኝ፤ መልሱን ራሷ ታውቀው ነበር። ያ የሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ትዝ አለኝ፤ ሼኹ ትዝ አሉኝ፤ የእናቷ ሆድ ትዝ አለኝ። ጎንበስ አልኩና ትከሻዋን ይዤ፦

«ይመጣል የኔ እናት። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። አብሽሪ» አልኳት።

«እሺ» አለችና የምንጣፉን ሌላኛውን ጫፍ አንስታ አብራኝ አጠፈች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሌላ ልጅ ሆነች። መጥታ ሰላም ትላለች፤ ዝፈኑ ስንል ትዘፍናለች፤ ኳስ ትጫወታለች፤ ትንንሾቹን ታሰልፋለች። አንገትጌዋን ማኘክ ተወች። ቤተሰባችሁን ሣሉ ስላቸው አባቷን መሐል አድርጋ፣ እናቷንና ራሷን ግራና ቀኝ አድርጋ ሣለች፤ ሥዕሉን ወስዳ ለእናቷ ሰጠቻት። እናቷም በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ትስማለች፤ «አላህ ይስጥዎ፣ ልጄን መለሱልኝ» ትለኛለች። እኔም አልሐምዱሊላህ በዪ እላታለሁ። ቅጹ ላይ «ተሻሽላለች» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ።

በየወሩ ወልድያ ለግምገማ እንሰበሰባለን። የእኔ ተራ ሲደርስ የእሷን ታሪክ ተናገርኩ፤ መቼም ስናገር ማሳመር አያቅተኝም። ዝምታዋን፣ አንገትጌውን፣ ጆጉን፣ ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ «ቲቸር» ማለቷን። የጠየቀችኝን ተናገርኩ፤ የመለስኩላትን ግን «አጽናናኋት» ብዬ አለፍኩት። ተጨበጨበልኝ። አስተባባሪዋ እንግዶች ሲመጡ ይህንኑ ደግሜ እንድናገር ለመነችኝ፤ ደግሜም ተናገርኩ። ከሁሉ ነገር የሚያሳፍረኝ ያ ጭብጨባ ነው። ከስብሰባው ወጥቼ በባጃጅ ወደ መነኸሪያ ስሄድ ባለ ቀለም እርሳስ ገዛሁላት። የልብ ወጌሻዋ ደስ ብሏት መርሳ ገባች።

ረመዳን መጣ። ጎረቤት ለነፍሰ ጡሯ ቴምር ይዞላት ሲመጣ እሷ ሰው ካመጣላት ላይ እያነሳች በአንድ ፌስታል ታጠራቅማለች። «የሱ ነው፤ ቴምር ነፍሱ ነው» አለችኝ። ፌስታሉን ጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ ላይ የምትሰቅለው ልጅቱ ናት፤ በርጩማ ላይ ወጥታ፣ አይጥ እንዳይደርስበት ደህና አድርጋ ቋጥራ። ያን ዕለት ስወጣ ልጅቱ እስከ በር ሸኘችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሷም ቆማ ጠበቀችኝ። «ትምህርትሽን አጥኚ እሺ?» ብያት ሄድኩ።

በዒዱ ሰሞን እናትየዋ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። የስሙ ቀን ሲደርስ እናትየዋ አባቱ ሳይመጣ ስም አይወጣለትም ብላ ድርቅ አለች። ሼኹ በልመና አግባቧት። እሺ ካለች በኋላ ለልጁ ስም አወጣችና «ለነገሩ አባቱ ሲመጣ ካልወደደው ይቀይረዋል» አለች። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ መሬት መሬት አየን። ልጅቱ ብቻ እናቷን ቀና ብላ እያየች «ይወደዋል እማ» አለቻት። ሼኹ ፎጣቸውን ዐይናቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ልጅቱ ተስፋዋን ይዛለች፤ ደህና አጽናንቻታለሁ አልኩ።

አርባው ወጣ። ቅሬው ማንጎው ሥር ተሰብስቦ ቀን ቆረጠ። ማን እንደሚናገር፣ ማን ቀኝና ግራ እንደሚይዛት፣ ሴቶቹ የት ቤት ተቀምጠው እንደሚጠብቁ፣ ወደ ሐራና ወደ ገጠር ዘመዶቿ ማን እንደሚሄድ ተመከረ። መርዶ እንዲሁ አይደለም የሚነገረው፤ ሥርዓት አለው፤ ሰዉ ቢያንስ ለዚህ ይጠነቀቃል። የእኔ ድርሻ ልጅቱን አስቀድሜ ከቤት ማውጣት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የሚረዳኝ ሰው ፈለግሁ ብዬ ወስጃት፣ ለቅሶው በረድ ሲል እንድነግራት።

ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ሄድኩ። ልጅቱን አጥራቸው በር ላይ አገኘኋት፤ ጀሪካን አንጠልጥላ ወደ ቧንቧ ልትሄድ ነው።

«ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ድንኳኑ ጋ ሥራ አለኝ፤ አግዢኝ» አልኳት። ድምፄን የማለዳ ሥራ እንዳለው ሰው ላደርገው ሞከርኩ።

እሷ እኔን አልነበረም የምታየው። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን ታያለች። ዞር ስል ሼኹ ፊት ሆነው፣ ሽማግሌዎቹ ተከትለዋቸው፣ ሳይነጋገሩ እየመጡ ነው። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ለሌላ ጉዳይ አይሄድም። የእኛ አገር ልጅ ይህን ለማወቅ ማንም አያስተምረውም።

«ዛሬ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኳት። እዚያ ደርሼም ላመልጥ ሞከርኩ።

«ለእማ የሚነግሯት።»

አጥሩን ያዝኩ።

«መቼ ሰማሽ?»

«የተመለስን ዕለት። ቧንቧው ጋ ሰዎች ሲያወሩ።»

የተመለስን ዕለት። ድንኳኑ ሳይተከል፣ እኔ ወልድያ ሄጄ ሳልዘል፣ ሼኹ ልጅ ምስጢር አይዝም ሳይሉ። ያን ሁሉ ወር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ልጄ? ለምን?»

«ጠየቅሁዎት እኮ ቲቸር። ይመጣል አሉኝ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ጀሪካኑን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ ሥራዬን እንደምታስረዳኝ ሁሉ በለሆሳስ ቀጠለች።

«አንቱም ለእማ ብለው ነው አልኩ። በፊት ዝም ያልኩት ካወራሁ ያመልጠኛል ብዬ ነው። ዝም ስል ደሞ እማ ታለቅሳለች። ከዚያ መጫወት ይሻላል አልኩ።»

የአምስት ቀን ሥልጠና፣ የሃያ ምናምን ዓመት ማስተማር፣ ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። ሽማግሌዎቹ ቀርበዋል፤ የከዘራቸው ድምፅ ይሰማል። ክንዷን ያዝኳትና «ነይ እንሂድ፣ እኔና አንቺ እንሂድ» አልኳት። ተጎተተችብኝ። ወደ ቤቱ በር ተመለከተች።

«ሕፃኑ እጇ ላይ ነው» አለች።

አልገባኝም።

«እያጠባችው ነው። ሲነግሯት ትጥለዋለች።»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችና ወደ ውስጥ ገባች። ስንት ቀን ማንጎ ሥር ተቀምጠን ስንመክር፣ ማን ቀኝ ማን ግራ እንደሚይዛት ስናከፋፍል፣ ሕፃኑን ማን ይቀበላታል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። በሩ ክፍት ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል። «ስጪኝ እማ፣ ልዘለው። አንቺ ትንሽ እረፊ» አለቻት። እናትየዋ ሳቅ እያለች «ዛሬ ደሞ ከየት የመጣ ደግነት ነው? አላህ ያሳድግሽ» ብላ ሰጠቻት። ልጅቱ ወንድሟን በአንቀልባ አዝላ፣ አስራ፣ በሽማግሌዎቹ መሐል አልፋ ወጣች። ሼኹ ቆመው አሳለፏት፤ ራሷን በእጃቸው ዳበስ አደረጓት። እሷ ቀና አላለችም።

ከዚያ ገቡ። ሼኹ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ ሰማሁ፤ የቀረውን ጩኸቱ ዋጠው። ያንን ጩኸት ለመግለጽ አልሞክርም። ከጎረቤት ቤት ሴቶቹ እየሮጡ ወጡ።

ልጅቱን ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ እያወዛወዘች፣ በእጇ የአንቀልባውን ጠርዝ ወደ ጆሮው ስባ እየሸፈነችለት ቆማለች። ከግድግዳው ወዲያ እናቷ ባሏን በስሙ ትጠራለች። የልጅቱ ዐይን ደረቅ ነው። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ እሱን እንኳ አላልኩም። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ብቻ ተሰማኝ።

«በቃ ልጄ፤ አሁን ሁሉም አውቋል። አሁን አልቅሺ» አልኳት።

«ሕፃኑ ይነቃብኛል» አለችኝ።

ድንኳኑ ከተነቀለ ቆይቷል። ልጅቱም አድጋለች፤ ያንን ሕፃን ዛሬ እጁን ይዛ ስታልፍ አያታለሁ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቆማ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። እንዴት ነሽ ስላት ደህና ነኝ ትላለች። «አባቴ ይመጣል?» ካለችኝ ከዚያች ከሰዓት በኋላ ወዲህ ግን፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።